ያልተሰናበቱትን የማይወስድ ጀልባ

ተማሪዎቼ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ አያጡም። በሚወዷቸው ምናባዊ ልቦለዶች ውስጥ የሚያገኙት ነገር ሁሉ፣ ስም የወጣለት ሰይፍ፣ መንገደኛን የሚያሳስት ደን፣ ወርቅ ላይ ተጠቅልሎ የተኛ ዘንዶ፣ ከየት መጣ ይሉኛል። ሥራዬ ስለሆነ እመልሳለሁ። ከመካከለኛው ዘመን መጻሕፍት፣ አብዛኞቹ ስማቸውን እንኳ ካልተዉልን ሰዎች የመጣ ነው እላቸዋለሁ። ሰሌዳው ላይ ክብ እየሠራሁ፣ ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው ቀስት እየሳልኩ፣ ማን ከማን እንደወሰደ አሳያለሁ። የማልነግራቸው፣ ከእነዚያ ቀስቶች አንዱ በልጅነት ቤቴ ውስጥ ማለፉን ነው። ከአባቴ ጠረጴዛ ተነስቶ፣ ጠባቡን ኮሪደር አቋርጦ፣ የእናቴ የጽሕፈት መኪና ላይ ሲያርፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ያየሁትንም አልተረዳሁትም።

አባቴ የድሮ ሥነ ጽሑፍ መምህር ነበር። በዚያ ዓመት አንድ ያረጀ የፈረሰኛ ታሪክ ለኅትመት እያዘጋጀ ነበር። ብራናው በቤተ መጻሕፍቱ ካዝና ውስጥ ስለሚቆለፍ የሚሠራው ከፎቶግራፉ ነው። ፎቶግራፎቹ ጠረጴዛውን ሞልተው ወንበሮቹን ስለወረሱ፣ እሱ ክፍል የገባ ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር የሚያወራው። ታሪኩን በቃሌ አውቀው ነበር። የአንድ ፈረሰኛ ሚስት ከውሃው ማዶ በሚኖሩ ሰዎች ትጠራለች። ፈረሰኛው ሊመልሳት ይነሳል፤ ደኑን ያልፋል፣ ዘንዶውን ይገድላል፣ በመጨረሻ ጭጋግ የዋጠው ዳርቻ ይደርሳል። ሚስቱ እዚያ ቆማለች፤ ጀልባውም ቀርቧል። ግን ጀልባው ያልተሰናበቱትን ሰው አይወስድም። የውሃው ሕግ ነው። ፈረሰኛው ሊናገር አፉን ሲከፍት ብራናው ያልቃል። የመጨረሻዎቹ ገጾች፣ አባቴ ቅጠሎች የሚላቸው፣ ከመቶ ዓመታት በፊት ተገንጥለው ጠፍተዋል።

«ምን አላት?» እለው ነበር አባቴን።

«አይታወቅም።»

«አንተ ግን ምን ያላት ይመስልሃል?»

«ለእኔ የመሰለኝ ምን ዋጋ አለው። ቅጠሉ የለም።»

እናቴ በዚህ አትስማማም። እሷ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ጸሐፊ ሆና ስትሠራ ነው የተገናኙት፤ ከተጋቡም በኋላ የእሱን ሥራ ሁሉ በታይፕ የምትመታለት እሷ ነበረች። ስትመታ ኖራ ኖራ አንድ ቀን የራሷን መጻፍ ጀመረች። የልጆች መጽሐፍ ነው። እናቷ ከውሃው ማዶ ስለተጠራችባትና ልትፈልጋት ብቻዋን ስለተነሳች የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ደኑ የአባቴ ደን ነው፣ ጭጋጉም የአባቴ ጭጋግ። ፈረሰኛው ግን የለም። «ልጅቷ ካለች እሱ ምን ያደርጋል?» ብላ አውጥታዋለች።

«ሌባዋ መጣች» ይላል አባቴ፣ እናቴ እጇን ወደኋላ አጣምራ በሩ ላይ ስትቆም።

«ዛሬ ምን አለህ?» ትለዋለች፣ ገበያ እንደወጣች ሴት ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር እያየች።

«ዘንዶ አለ። ግን አይሸጥም።»

«ምን ላይ ነው የተኛው?»

«ወርቅ ላይ ነዋ፤ ሌላ ምን ላይ ይተኛል?»

«ዘንዶ ወርቅ ምን ያደርግለታል? ዕቃ ሊገዛ አይወጣ።»

«ስድስት መቶ ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀ ሰው የለም።»

«ወንዶች ናቸው የጻፉት። ወርቅ ካዩ ሌላ ምን ይጠይቃሉ?»

አባቴ እየሳቀ ማጉያ መነጽሩን አስቀመጠ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ የሆነ ነገር እየመጣላት ነበር። ሐሳብ ሲመጣላት በአውራ ጣቷ የጋብቻ ቀለበቷን ታዞራለች። «የእኔ ዘንዶ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሰዎች ለሚወዱት ሰው ሳይናገሩት የቀረ ቃል ላይ ነው የሚተኛው። የተከመረ ቃል ላይ። አንዱንም አይነካውም፤ ይሞቀዋል ብቻ።»

አባቴ ማጉያ መነጽሩን መልሶ አነሳ። ከዚያ «ይሄ ብራናው ላይ የለም» አላት።

«አውቃለሁ። ብራናውን የጻፈው ያንተ መነኩሴም ከሌላ ሰው ነው የወሰደው፤ ያም ከሌላ። እኔ ጋ ሲደርስ ነው ሌብነት የሚሆነው?»

አሁን ክፍል ውስጥ ቆሜ የማስተምረው ከዚህ ብዙም አይበልጥም። የቀረው የግርጌ ማስታወሻ ነው።

እኔም በዚህ ቤት ሥራ ነበረኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከአባቴ ጎን ቆሜ እናቴ የመታችውን ገጽ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሱ በማጉያው ፎቶግራፉን እየተከተለ ያመሳክራል። ነጠላ ሰረዙን ጭምር ነው የማነበው። «የተሳሳተውን እንደተሳሳተ አንብቢ» ይለኛል። «ደስ ያለሽን ሳይሆን ያለውን።» ከብዙ መቶ ዓመት በፊት የሞቱትን ገልባጮች ጎረቤት እንደሆኑ ሁሉ ይወቅሳቸዋል። አንዱ አንቀላፍቶ መስመር ዘልሏል፤ አንዱ ያልገባውን ቃል በሚገባው ለውጧል። አንድ ቅዳሜ ደግሞ በሌላ አገር በሚገኘው፣ እሱም መጨረሻው በጠፋው ቅጂ የሞተው የፈረሰኛው ፈረስ፣ በእኛ ብራና ላይ ድኖ ሣር ሲግጥ ተገኘ።

«አየሽው?» አለኝ፣ ጣቱን ፎቶግራፉ ላይ እየመታ። «ፈረሱ አሳዘነው። ስላሳዘነው አዳነው። ማን ጠየቀው?»

«መዳኑ ግን ጥሩ አይደለም?»

«ውሸት ነው።»

«ፈረሱ ግን ድኗል» አልኩት። እናቴ ከኮሪደሩ ማዶ ሳቀች፤ ሳቋም ሳል ሆኖ ቀረ።

ሳሉ መቼ እንደጀመረ አላውቅም። እኔ የማውቀው የጽሕፈት መኪናውን ድምፅ ነበር። እናቴ መምታቷ ብቻ ሳይሆን ደስ ይበላት አይበላትም ከድምፁ ይታወቀኛል። በዚያ ዓመት ድምፁ ይቆራረጥ ጀመር። ሁለት መስመር ይሄድና ያቆማል። ሄጄ ሳያት እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ እንደ ሌላ ሰው እጅ ታያቸዋለች። «ምነው?» ስላት፣ «ልጅቷ የት መሄድ እንዳለባት እያሰበች ነው» ትለኛለች። አምናት ነበር። ምክንያቱም ልጅቷ በዚያ ምዕራፍ በእውነት ደን ውስጥ ጠፍታ ነበር።

ነርሷ አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ፣ ከሥራ ስትወጣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች እኛ ቤት መምጣት አዘወተረች። ስትመጣ በር ይዘጋል። አንድ ከሰዓት በኋላ የወጥ ቤቱ በር በደንብ ስላልተዘጋ የሚሉትን ሰማሁ።

«ከእኔ አፍ ነው መስማት ያለባት» አለች እናቴ።

«ገና ልጅ ናት» አለ አባቴ።

«ልጅ ስለሆነች ነው። ከሌላ ሰው ከሰማች ዕድሜዋን ሙሉ ይቅር አትለኝም።»

«ጥቂት እንቆይ።»

«እስከ መቼ ነው የምትቆዩት?» አለች አክስቴ። «ሁለት ወር ብሏችኋል። ሁለት ወር ምን አላት?»

«አንቺ ደግሞ አትጨምሪበት» አላት አባቴ። ከዚያ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነገሩን አሰላሁት። ሁለት ወር የሰጣቸው የእናቴን መጽሐፍ የሚጠብቀው አሳታሚ ነው። የምትጽፈው ራሷ እናቴ ስለሆነች፣ ከእሷ አፍ መስማት ያለብኝ የመጽሐፉን መጨረሻ ነው። አባቴ ደግሞ ለመጨረሻው ገና ልጅ ናት እያለ ነው። በጣም ተቀየምኩት። ዘንዶውን ሳልፈራ አንብቤ፣ ምን የሚያስፈራ ነገር ቢኖር ነው የሚደብቀኝ?

በዚያ ንግግር ውስጥ መጽሐፍ የሚል ቃል አንድም ጊዜ አልተነሳም። ይህንን ያስተዋልኩት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሌላ ነገር እያሰብኩ ዕቃ ሳጥብ ነው።

የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ እናቴ ጣቶቿ እምቢ አሏት። አልጋ ላይ ሆና እየተናገረች አባቴ እንዲጽፍላት ተስማሙ። ለሦስት ቀን ያህል ከምሳ በኋላ ጥቁር ሽፋን ያለው ደብተር ይዞ ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ይወጣል። በአራተኛው ቀን የጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀመጠ። በሁለት ጣት ነው የሚመታው፤ ፊደሉን በዓይኑ እየፈለገ። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ቆመ። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። በጣም ቆየ። ወረቀት ከመኪናው ሲመዘዝ ሰማሁ፤ ሲቀደድም። ከዚያ አዲስ ወረቀት አገባና ሳያቋርጥ እስከ መጨረሻው መታ። አባቴ እንደዚያ ቀን ፈጥኖ ሲመታ ሰምቼው አላውቅም።

ገጾቹን ሲሰጠኝ «እናትሽ እንድታነቢው ትፈልጋለች» አለኝና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ቆሜ አነበብኩት። ልጅቷ ዳርቻው ደርሳለች። እናቷ አንድ እግሯን ጀልባው ላይ፣ አንድ እግሯን ድንጋዩ ላይ አድርጋ ቆማለች። ጀልበኛው «ተሰናበትሻት?» ብሎ ልጅቷን ይጠይቃታል። ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ትይዛለች። ጀልበኛው ይጠብቃል። እናቷ ስታያት አታያትም፤ ስትጠራት አትመልስም፤ አንዲት ቃል ብትወጣት እንደ ስንብት ይቆጠርባታልና። ጀልበኛው ጠብቆ ጠብቆ ሲሰለቸው ባዶውን ይሄዳል። እናቷ እግሯን ትመልሳለች። እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ቤት ይሄዳሉ።

ገጾቹን ይዤ ወደ እናቴ ሮጥኩ። በትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ከሩጫዬ የተነሳ ትንፋሽ አጥሮኛል፤ እሷም ሳትሮጥ አጥሯታል።

«አነበብሽው?»

«አነበብኩት።»

«ገባሽ?»

«ገባኝ።»

ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «አንቺ ብትሆኚ ታደርጊዋለሽ? ከባድ ነው እኮ።»

«አደርገዋለሁ» አልኳት። «እማዬ፣ ለእኔ ቀላል ነው።»

ሳቀች፤ ዓይኗም ሞላ። «ድንቢጤ» አለችኝ፤ ስትወደኝ የምትጠራኝ እንደዚያ ነው። «እንግዲህ አሁን ምንም አያሳስበኝም።» አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ዘወር ስል አላገኘሁትም።

በሳምንቱ ሆስፒታል አስገቧት። በሦስተኛው ቀን አክስቴ ከትምህርት ቤት ወስዳ አመጣችኝ። ክፍሉ ሁለት አልጋ አለው፤ በአንደኛው ላይ ብርቱካን የሚልጡ አንዲት አሮጊት ተኝተዋል። የእናቴ አልጋ እግሩ ቀለሙ ተላልጦ ብረቱ ይታያል። እኔ ያየሁት ያንን ነው። እሷን ላለማየት ብረቱን አየሁ።

«ያቺ ድንቢጥ የምትያት ይቺ ናት?» አሉ አሮጊቷ። «ቀኑን ሙሉ ትለፈልፋለች ያልሽኝ? ምላሷን ቤት ረስታው መጣች እንዴ?»

«ታፍራለች» አለች እናቴ።

ስለ ትምህርት ቤት ጠየቀችኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩ። ስለ ጫማዬ ጠየቀችኝ፤ ዝም አልኩ። ቃል ከወጣኝ የቱ እንደሚቆጠር አላውቅማ። አባቴ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ምስጢሩን እሱም ያውቃልና፣ ጎበዝ እንዲለኝ አየት አደረግኩት። ጫማውን አየ።

የመሄጃ ሰዓት ሲደርስ አክስቴ ጀርባዬን ገፋ አደረገችኝ። «በይ ሳሚያት። ደህና ሁኚ እማዬ በያት።»

አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ምን ሆነሻል? ተሰናበቻት እንጂ።»

ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ግድግዳው እስከ ወገቤ ድረስ አረንጓዴ፣ ከዚያ በላይ ነጭ ነበር። ከኋላዬ የእናቴ ብርድ ልብስ ሲንሿሿ ሰማሁ፤ ለመነሳት እየሞከረች ነበር። «ድንቢጥ» አለችኝ። «ተቆጣሽኝ?» እጇ ትከሻዬን ነካኝ። አመለጥኩት። መሳምም ስንብት ነው። ሁለተኛ ጠራችኝ፣ ሦስተኛም ጠራችኝ። ግድግዳውን እያየሁ፣ ጀልበኛውን አሸነፍኩት።

ኮሪደሩ ላይ አክስቴ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ «ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጠሽ?» አለችኝ። አላዘንኩባትም። መጽሐፉን አላነበበችማ።

አርባ ዓመት ሙሉ ያንን ቀን በአንድ ነገር ስችለው ኖርኩ። ካደግኩ በኋላ ተረት አምኜ እንደነበር ገብቶኛል። ግን ተረቱን የጻፈችው እሷ ናት። ታደርጊዋለሽ ወይ ብላ የጠየቀችኝም እሷ ናት። ግድግዳውን ሳይ ለምን እንደማየው ታውቃለች፤ የልጅ ነገር ብላ አዝናም ቢሆን በውስጧ ትስቅ ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት። መጽሐፉ ከሞተች በኋላ በዓመቱ ታተመ፤ ተወደደም። እናትየው ቤቷ ስለተመለሰች የሚያመሰግኑ ልጆች ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። አባቴ ደብዳቤዎቹን ከፍቶ አያነብም፤ ለእኔ ያቀብለኛል።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ አባቴ እኔ ጋ መኖር ጀመረ። ዓይኑ ደክሟል፤ ማንበብ አይችልም። ስለ ባለቤቴ እዚህ አልጽፍም። አንድ ነገር ብቻ፤ በመጨረሻው ሳምንት አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሊሰናበተኝ ሲጀምር፣ እጄ አፌ ላይ መሆኑን አየሁ። አወረድኩት። ከዚያ የተባባልነው የእኛ ነው።

አምና አሳታሚው መጽሐፉን እንደገና ሊያትም ስለፈለገ ከመጀመሪያው የታይፕ ቅጂ ጋር እንዳመሳክር ጠየቀኝ። የአባቴን ካርቶኖች ስከፍት ጥቁሩን ደብተር አገኘሁት። አባቴ እንደ ልማዱ ገጾቹን ቁጥር ሰጥቷቸዋል፤ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ «በቃል እንደተነገረ የተጻፈ» የሚለውን በጥንቃቄ አስፍሯል። ለአንድ ብራና የሚደረገው ሁሉ ተደርጎለታል።

እሱ ሶፋው ላይ ነበር። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ከደብተሩ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ነጠላ ሰረዙን ጭምር። ምን እንደማነብ ወዲያው አወቀ። አላስቆመኝም። ጀልበኛው «ተሰናበትሻት?» የሚልበት ጋ ስደርስ እኔው ቆምኩ።

«ቀጥዪ» አለኝ።

«ልጅቷ እናቷን አየቻት» ብዬ አነበብኩ። «እናቷ በጣም ደክሟት ነበር። መመለስ አትችልም፤ ሳይሰናበቷት ደግሞ መሄድ አትችልም፤ አንድ እግሯ ውሃው ላይ፣ አንድ እግሯ ድንጋዩ ላይ ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ልጅቷ ዘንዶው የተኛበትን ክምር አስታወሰች። ከዚያ ክምር ላይ የእሷ ቃል እንዲጨመር አልፈለገችም። ደህና ሁኚ እማዬ አለች። እናቷ ሁለተኛውን እግሯን አነሳች።»

ክፍሉ መብራት ስለበራበት ፊቱን በደንብ አየዋለሁ። ምንም አልተለወጠም።

«እዚያ ላይ ነው የቀየርኩት» አለ።

«አይቻለሁ።»

«እየመታሁት ነበር። እግሯን አነሳች የሚለው ጋ ስደርስ ጣቴ አልሄደም። አንቺ ደግሞ በሩ ላይ ሆነሽ እየጠበቅሽ ነው። ለአንቺ ብዬ ነው እል ነበር።» እጁን ዘርግቶ የደብተሩን ሽፋን ዳበሰ። «ለአንቺ አይደለም። እኔ ነኝ ያልቻልኩት።»

«አባዬ፣ ሆስፒታል የሄድን ቀን ለምን ዝም እንዳልኩ ታውቅ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ከወጣሁ በኋላ ነገርካት?»

የጉልበቱን ብርድ ልብስ አስተካከለ። ተስተካክሎ ነበር።

«ምን ብዬ ነው የምነግራት? ቃልሽን ለወጥኩት ልበላት? እዚያ አልጋ ላይ?»

«ምንም አልጠየቀችህም?»

«ጠየቀችኝ። ታደርገዋለች ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ፣ እንዲያውም ቀላል ነው አላለችም ወይ አለችኝ። ልጅ ናት፣ ያልፍላታል አልኳት።»

«እሷስ?»

«ልክ ናት አለች። እኔም ብሆን ጥሎኝ የሚሄድን ሰው እቆጣለሁ አለች።» ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። «በየቀኑ ስገባ ከኋላዬ በሩን ታያለች። እስከ አሥራ አንደኛው ቀን። መጣች ወይ አትለኝም። በሩን ብቻ ታያለች።»

 ፊቱ የነበረው ሻይ ቀዝቅዞ ስለነበር ሌላ አፈላሁለት፤ ብርጭቆው እንዳያቃጥለው በእጁ ላይ አስተካክዬ አስያዝኩት። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣ።

አዲሱ እትም እናቴ በተናገረችው ቃል ወጣ። እስካሁን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ ብቻ ከልጅ ነው። የድሮው መጽሐፍ ያላት የአንዲት ልጅ ነው፤ እናትየውን ለምን እንደገደልኳት ትጠይቀኛለች። መልስ እየጻፍኩላት ነው። ከሁለት መስመር አላለፈልኝም።

አባቴ ስለ በሩ ከነገረኝ ወዲህ የማስበው ግን እነዚያን አሥራ አንድ ቀናት ነው። እናቴ በሩን በምታይባቸው ቀናት እኔ ምን እያደረግኩ እንደነበር በደንብ አስታውሳለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሆስፒታል እንሂድ ሲሉኝ ጠረጴዛ ሥር እደበቅና አልወጣም፤ ሄጄ ስመለስ ስንብት አይቀርማ። ቤቱ ውስጥ ግን ሥራ አልፈታሁም። ጠረጴዛዋን ወለወልኩ። የጽሕፈት መኪናዋን ሪባን እጄ እስኪጠቁር ታግዬ ቀየርኩ። ለአዲሱ መጽሐፍ ይሆናታል ብዬ ወረቀት ደርድሬ በጎኑ አስቀመጥኩ። ማታ ስተኛ፣ ዛሬም አልተናገርኩም እላለሁ፤ እንቅልፍ ይወስደኛል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴን በመስኮት አየሁት። የእናቴን ሻንጣ ይዟል። አክስቴ ከታች፣ የሕንፃው መግቢያ ጋ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቀርታለች። ሻንጣው ከመጣ እሷም መጥታለች ማለት ነው። የቤታችንን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩ። አባቴ ሁለት ደረጃ ሲቀረው ቆመና ስሜን ጠራኝ፤ ሌላ ግን አልወጣውም። እንዲያልፍ ብዬ ጥግ ያዝኩለት። አላለፈም። እኔ ነኝ ያለፍኩት። እናቴ ደረጃ ላይ ቀስ ስለምትል፣ ልደግፋት ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ።